መንገዱን ሳያውቁ መውጣት

ትምህርትህን ፈጽመህ ሥራ ልትጀምር፥ ወይም ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ልትዛወር ተሰናድተህ እንደ ሆነ፥ አዲስ ነገር ደስታንና ሥጋትን አቀላቅሎ እንደሚያመጣ ታውቀዋለህ። የምደባው ደብዳቤ የከተማውን ስምና የደመወዙን ልክ ይነግርሃል፤ በዚያ የሚጠብቅህን ግን አይነግርህም።

እኔም በመምህርነት ወደ ሩቅ አገር በተመደብሁ ጊዜ ሁለት ነገር ያስጨንቀኝ ነበር፤ ይኸውም አንደኛው እናቴን ብቻዋን ትቶ መሄድ፥ ሁለተኛው በዕድሜ ከእኔ ብዙ ከማያንሱ ተማሪዎች ፊት መቆም ነው። እናቴ ግን ስንቄን ቋጥራ «እግዚአብሔር ከፊትህ ይቅደም» ብላ ሸኘችኝ።

ይህን ምርቃት ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ትርጉሙን ግን ብዙ ጊዜ ሳንመረምረው እናልፋለን። ከፊት የሚቀድም ካለ ከኋላ የሚከተል መኖር አለበት፤ የሚከተልም ሰው በገዛ እግሩ ይራመዳል እንጂ ተቀምጦ አይጠብቅም።

አብርሃም ከካራን በወጣ ጊዜ ዕድሜው 75 ዓመት ነበር፤ የሚሄድበትንም አገር አያውቅም። ነገር ግን ባዶ እጁን አልወጣም፤ ሚስቱን ሣራን፥ የወንድሙን ልጅ ሎጥንና ያፈሩትን ገንዘብ ሁሉ ይዞ ተነሣ። እምነቱ ጓዙን ከማሰናዳት አላስቀረውም።

የአገራችንም ገበሬ እንዲሁ ነው። የጤፍ ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፤ በሐምሌ ይዘራል፤ ዝናቡ መቼ እንደሚያቋርጥ ግን የሚነግረው የለም። ሞፈሩን ሰቅሎ «እግዜር ያውቃል» ቢል ስንፍና ይሆናል፤ አርሶና ዘርቶ ቢለው ግን እምነት ነው።

ስለዚህ እኔም ማታ ትምህርቱን በሚገባ አሰናዳለሁ፤ ጧት ጸልዬ ወደ ክፍል እገባለሁ። ፍርሃቱ በአንድ ቀን አልለቀቀኝም፤ ነገር ግን ከሳምንት ወደ ሳምንት እየቀለለ ሄደ። እናቴ ዛሬም ብቻዋን ናት፤ በየወሩ ከደመወዜ ከፍዬ እልክላታለሁ፤ ናፍቆቱ ግን በገንዘብ አይወጣም። እምነት ይህን ሁሉ አያጠፋም፤ ጭንቀትን ይዞ ለመራመድ ኃይል ይሰጣል እንጂ።

እንግዲህ ወዳጄ፥ አዲሱ ሥራህ ቢያስፈራህ የመንገዱን ሁሉ መጨረሻ ለማየት አትድከም። የዛሬውን ድርሻህን ፈጽም፤ የነገውን ከፊትህ ለሚቀድመው ተውለት።