የማንም ሥራ ያልሆነው መዝጊያ

እስቲ ዛሬ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በቤታችሁ የመስኮቱን መዝጊያ የሚንከባከበው ማን ነው? በእኛ በእብናት ማጽዳት የሴት፣ መጠገን የወንድ ሥራ ነው ሲባል ኖሯል። መዝጊያ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል። ታዲያ ሚስት “ማጠፊያው ዝጓል፣ እሱ ይየው” ትላለች፤ ባል ደግሞ “መጀመሪያ እሷ ትጥረገው” ይላል። በዚህ መካከል መዝጊያው ይበሰብሳል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በብዙዎቻችን የጭቃ ቤት መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ያለው የእንጨት ወይም የቆርቆሮ መዝጊያ ብቻ ነው። እሱ አልከፈት ካለ ብርሃን አይገባም፣ የምድጃው ጭስም አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ጭሱን አብዝተው የሚስቡት ደግሞ እናቶችና ከጎናቸው የማይጠፉት ሕፃናት ናቸው።

እኔና ባለቤቴ ይህን ሥራ በየዓመቱ በጥቅምት፣ ዝናቡ አባርቶ እንጨቱ ሲደርቅ አብረን እንሠራዋለን። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተራል። ስለዚህ በሐምሌ አልዘጋ ቢላችሁ ቸኩላችሁ በመላጊያ አትላጉት። በታኅሣሥ ሲደርቅ ክፍተት ትቶ ብርዱን ያስገባባችኋል።

ስታጸዱ አስቀድማችሁ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፤ አቧራ ውኃ ሲነካው ጭቃ ይሆናልና። ከዚያ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ የተነከረ፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይዛችሁ ጥቀርሻውን ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ውኃ አትድፉበት። ሲደርቅ የታችኛውን ጠርዝ በቢላ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት፤ ቢላው በቀላሉ ከገባ እንጨቱ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። የማጠፊያውን ዝገት ፍቃችሁ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጉበት። የላላ ብሎን ካለ አጥብቁ።

ቀለም የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፤ እያረጠባችሁ ፋቁት፣ ልጆችንም አርቁ። ፍርፋሪውንም ሰብስባችሁ አስወግዱ። አዲሱን ቀለም ስትቀቡ የታችኛውን ጠርዝ አትርሱ። ሰው ስለማያየው ብዙዎች ይዘሉታል፤ ውኃ የሚንጠባጠበውና መዝጊያው መበስበስ የሚጀምረው ግን ብዙውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው።

ባል ጨርቅ ይዞ፣ ሚስት መፍቻ ይዛ ሲታዩ ጎረቤት ሊስቅ ይችላል። በእኛም ተስቆብናል። ይሁን እንጂ እሱ መዝጊያውን ደግፎ ሲይዝልኝ፣ እኔ ብሎኑን ሳጠብቅ፣ ሳምንቱን ሙሉ ለመነጋገር ጊዜ ያጣንለትን ነገር እናወራለን። የልጆቹ ትምህርት፣ የቤት ወጪ፣ የሆዳችን ቅሬታ ሳይቀር በዚያ ይነሣል። እጅ ሥራ ሲይዝ አንደበት ይለሰልሳል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በሚመጣው ቅዳሜ “ይህ የአንቺ ነው፣ ይህ የአንተ ነው” መባባሉን ትታችሁ አንድ መስኮት ብቻ ምረጡ። አንዳችሁ ያዙ፣ አንዳችሁ ጥረጉ።