የሐጂ ደብተር

መፋዛ ላይ ዕዳ የሌለበት ቤት ብርቅ ነበር። ይህች የገዳሪፍ ግዛት ከተማ የምትኖረው በሰሊጥና በማሽላ ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ ደግሞ ገንዘብ የሚሆኑት በዓመት አንዴ ብቻ ነው። በቀሩት ወራት ባለሱቅ ይጽፋል፣ ቤተሰብ ይበላል። ሱዳኖቹ ጀሩራ ይሉታል፤ ከጎንደር በኩል የተሻገርነው ዱቤ እንለዋለን። የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ሽፋኑ በዘይት የወዛ ረጅም ደብተር ነበራቸው። ሕፃን ልኮ ሳሙና ማስመጣት ይቻል ነበር። ሐጂ የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቁም፤ ፊቱን አይተው ገጹን ይገልጣሉ።

ዛሬ ገዳሪፍ ከተማ የምትኖረው እኅቴ ሱቅ ስትሄድ መጀመሪያ የምታሳየው ስልኳን ነው። ባንካክ በሚባለው መተግበሪያ ገንዘቡ ካልገባ ሳሙናው ከመደርደሪያው አይወርድም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የወረቀት ገንዘብ ተመናመነ፤ በ2017 ዓ.ም. የ500ና የ1000 ፓውንድ ኖቶች ሲቀየሩ ደግሞ በየቤቱ የቀረውም ወደ ባንክ ገባ። እኅቴ የራሷ አካውንት ስለሌላት የምትገበያየው በጎረቤት አካውንት ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ገበያም አብሮ ይጠፋል።

አባቴ የትራክተር ሹፌር ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት ሲያርስ ኖረ። በእኛ ሚሊኒየም ዋዜማ ግን “አንድ ክረምት ለራሴም ልሞክር” ብሎ ከአንድ ሱዳናዊ ወዳጁ ጋር መሬት ተከራየ። ዘሩ፣ ነዳጁ፣ የአረሙ ጉልበት ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። ባንክ ስደተኛን አያውቅም። ስለዚህ ሸይል ወሰደ። ሸይል ማለት ነጋዴ በክረምት ገንዘብ ይሰጥሃል፣ አንተ በመኸር ሰሊጥ ትከፍለዋለህ፤ ዋጋው ግን የሚቆረጠው በክረምቱ፣ ኪስህ ባዶ በሆነበት ቀን ነው። ወለድ በሕግ በተከለከለበት አገር ወለዱ ጆንያ ውስጥ ተቀምጦ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ሰሊጡ ሲያብብ ዝናቡ ቆመ። ከኢትዮጵያ ለአጨዳ የመጡት ሳሉጎች የጉልበታቸውን ዋጋ ከተቀበሉ በኋላ የተረፈው ምርት ለሸይሉም አልበቃ። በዚያ ላይ ታናሽ ወንድሜን ካላዛር ይዞት ነበር፤ ራሃድ ወንዝ ዳር የኖረ ያንን በሽታ ያውቀዋል። ለመጓጓዣና ለመኝታ የተበደርነው ሌላ፣ የሐጂ ደብተር ሌላ።

ዛሬ እኔ ጎንደር ተቀምጬ ብድር ለመጠየቅ ከወንበሬ መነሣት አያስፈልገኝም። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የሚባሉ የብድር፣ የክፍያ ማሟያና የቁጠባ አገልግሎቶች አሉት፤ ሌሎች ባንኮችም ተከትለዋል። ገንዘቡ በጥቂት ደቂቃ ይገባል። ቀኑ ሲደርስ መልእክት ይመጣል። ጎረቤት አይሰማም፣ ሚስትም ላትሰማ ትችላለች። የሥራ ባልደረባዬ ከአንዱ በስልኩ ተበድሮ የሌላውን ይከፍላል፤ ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ስኒ ቡና እንኳ አልተቀነሰም። ዕዳው ድምፅ ስለሌለው ቤተሰቡ ዕዳ እንዳለበት አያውቅም።

እኛ ቤት ዕዳው ድምፅ ነበረው፤ ድምፁም የእናቴ ነበር። የዕዳውን ልክ በሰማች ማግስት ሐጂ ዘንድ ሄዳ፣ “ሐጂ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእጄ ባለው ብቻ ነው የምገዛው፤ የድሮውን በየሳምንቱ እቀንሳለሁ” አለቻቸው። “እኅቴ፣ ሱቁ የትም አይሄድም” አሏት። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሳ መንግሥት ሆነች። ከመተማ በኩል የሚመጣው ጤፍ መጀመሪያ ተባረረ፤ እንጀራችን የፈተሪታ ማሽላ ሆነ። እሱም ሲከብድ ከሱዳን ጎረቤቶቿ ኪስራ መጋገር ተማረች፤ ስስ ነው፣ ዱቄት ይቆጥባል፣ ቶሎ ይበስላል። ሥጋ ለዓመት በዓል ተቀጠረ። በቦታው ዋይካ የሚሉት የደረቀ ባሚያ ገባ፤ ጥቂቱ ድስት ያወፍራል። ከሰሉ በማሽላ አገዳ ተተካ። ቡናው ከሦስት ጊዜ ወደ አንድ ወረደ፤ ዝንጅብሉ በዝቶ ፍሬው አነሰ። የጾሙን ወጥ በፍስክም አላቋረጠችውም፤ አባቴ “ፋሲካ መቼ ነው?” ሲላት “ዕዳው ሲያልቅ” ትለው ነበር።

የውኃ ወጪም ነበር። በአህያ ጋሪ በርሜል ጭነው የሚሸጡትን ትተን እኛ ልጆቹ ከወንዙ እንድንቀዳ ተፈረደብን። ራሃድ ከእኛ አገር ሽንፋ ተብሎ የሚወርደው ወንዝ ስለሆነ እናቴን ድሮም ለጋሪ መክፈል ያንገበግባት ነበር፤ “የአገሬን ውኃ በሱዳን ገንዘብ እገዛለሁ!” ትል ነበር። በረመዳን ደግሞ ወንዶቹ ምንጣፍ መንገድ ላይ ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን ለማስፈጠር ሲያስቀምጡ አባቴ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ የሚያልፍበት ጉዳይ አያጣም ነበር። ክርስቲያን ነህ ብሎ የመለሰው የለም።

እኅቴ ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ታደርገዋለችም። ኪስራ ትጋግራለች፣ አገዳ ታነዳለች፣ ስኳር ካቆመች ቆይታለች። ሰኔ 2016 ዓ.ም. የጎረቤት ግዛት ከተማ ሲንጃ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ ተፈናቃዩ ወደ ገዳሪፍ ሲጎርፍ የቤት ኪራይ ሰማይ ወጣ፤ ሁለቱን ክፍል ትታ በአንዱ ተጠቃለለች። ምግብ ካነሰ የሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ከሚያበስሉበት ተክያ ትሰለፋለች። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፣ እናቴ የምትቀንሰው ከዕዳ ለመውጣት ነበር፤ እኅቴ የምትቀንሰው እስከ ማታ ለመድረስ ነው።

ድሮ የተቀነሰው ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ነበረው። ያን ጊዜ አንድ ዶላር በሁለት የሱዳን ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ የአገሪቱ ነዳጅ ይፈስሳል፣ እናቴ ማክሰኞ የቋጠረችው ቅዳሜም ያው ነው። ከሱዳን ጎረቤቶቿ ጋር ሰንዱቅ ገባች፤ እኛ ዕቁብ የምንለው ነው። ዕጣ ሳይወጣ ሴቶቹ “የመጀመሪያው ለእሷ ይሁን፣ ዕዳ አለባት” ብለው ሰጧት። በዚያ የካላዛሩን ብድር ዘጋች። አባቴም ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሶ ደመወዙን ለሸይሉ ነጋዴ ገበረ። ሁለተኛው መኸር ሲገባ ሐጂ የእኛን ገጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዙት።

ፓውንዱ ያንን እምነት ይዞ አልቆየም። ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ስትለይ የነዳጁን ሦስት አራተኛ ይዛ ሄደች። የካቲት 2013 ዓ.ም. የምንዛሬው ተመን በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ተወሰደ። ከጦርነቱ በኋላ በጥቁር ገበያ ከ3000 አልፏል። እኛም ብንሆን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ለሱዳን የምናወርደው ምክር አልተረፈንም።

ከፓውንዱ ውድቀት ውስጥ ግን አንድ ያልታሰበ ትርፍ ወጣ። እኅቴ ከጦርነቱ በፊት ከአንድ ነጋዴ የተበደረችው ነበር። ስትበደረው አንድ ጆንያ ማሽላ የሚገዛ ገንዘብ ነው፤ ሙሉውን ስትመልስ ጥቂት ማልዋ (የሱዳን እህል መስፈሪያ) ነው የገዛው። በእናቴ ቤት ሁለት መኸር የፈጀው ነገር በእሷ ቤት በራሱ ሟሟ። ነጋዴው ቆጥሮ ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለማንም አላበደረም።

ሐጂን መልአክ ማድረግ አልፈልግም። ደብተራቸው ሆዳችንንም ይመዘግብ ነበር፤ ስንት ዘይት እንደበላን፣ መቼ አዲስ ጫማ እንዳማረን ያውቃሉ። ዕዳው በበዛበት ወር አባቴ በሱቁ በር ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር። የሸይሉ ነጋዴ ደግሞ በችግራችን ዋጋ ከብሯል። ዛሬ ማንም ሆዴን አያነብም፤ መንገድም አልቀይርም። ይህ ትርፍ ነው፣ አልክደውም። የጠፋው ሌላ ነው፦ “ሱቁ የትም አይሄድም” የሚል አበዳሪ።

ሱቁም ሄደ። ሐጂ ከጦርነቱ በፊት ዐረፉ፤ ልጃቸው በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግሮ ኩመር መጠለያ ከርሟል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የእኛ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ የጎረፉበትን መንገድ በተቃራኒው መጣበት። አንድ ቀን ስልክ ደውሎ እንዳጫወተኝ፣ እዚያው አካባቢ ወዳለ ሱቅ ገብቶ እስከ ሳምንት በዱቤ ቢጠይቅ ባለሱቁ በጣቱ ወደ ግድግዳው አሳየው። “ዱቤ የለም” የሚለውን ጽሑፍ ማንበብ ባይችልም ትርጉሙ አልጠፋውም። የእሱ አባት ደብተር ላይ ስንት የጎንደር ሰው ስም እንደነበረ ባለሱቁ አያውቅም፤ እሱም አልነገረው።

የቤት ወጪ መቀነስ ዕዳ የሚከፍለው ሁለት ነገር ሲኖር ነው፤ ዋጋውን የሚጠብቅ ገንዘብና ሰው የሆነ አበዳሪ። ገንዘቡን እኔና እናንተ አናስተካክለውም። አበዳሪውን ግን መምረጥ እንችላለን። ዘንድሮ ቡና የቀነሳችሁ፣ ሥጋ የተዋችሁ ሁሉ፣ አበዳሪያችሁ ፊት ካለው ሄዳችሁ ቀን ቁረጡ። ፊት የሌለው ከሆነ ከወጪያችሁ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።