ልጃችንን ማን ይጠብቅልን?

ልጅ የሚያድገው በእናቱ ወተት ብቻ አይደለም፤ በሚሰማው ቋንቋ፣ በሚያየው ጠባይና በሚያገኘው ፍቅር ጭምር ነው። ስለዚህ ወላጆች ወደ ሥራ ሲሄዱ ልጃቸውን በማን እጅ እንደሚተዉ መወሰን ከባድ ኃላፊነት ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስደት ኑሮ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ከባለቤቴና ከሁለት ዓመት ሴት ልጃችን ጋር በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ ጀሪፍ በተባለው ሰፈር እኖር ነበር። ጀሪፍ ከአገራችን የሚወርደው ዓባይ በአጠገቡ የሚያልፍ፣ በወንዙ ዳር ጡብ የሚተኮስበት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩበት የነበረ ሰፈር ነው። እኔ ለስደተኛ ልጆች አማርኛ አስተምር ነበር። ባለቤቴም በአቅራቢያው በምትገኘው በመንሺያ፣ በአንድ ባለጸጋ ቤት ሞግዚት ነበረች። ታዲያ የሰው ልጅ አቅፋ የምትውል እናት፣ የራስዋን ልጅ ለማን ትታ ትሂድ?

በፊታችን ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ሱዳኖች «ሮውዳ» የሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ነው። በዚያ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል፤ ተራ መጠበቅንና መካፈልን ይለምዳል። ነገር ግን አንዲት አስተማሪ ብዙ ሕፃናት ስለምትይዝ ለእያንዳንዱ የምትሰጠው ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚህም ሌላ ልጃችን አማርኛን ሳታውቅ በዐረብኛ ብቻ አፍዋን እንዳትፈታ ሠጋን። ሁለተኛው መንገድ ሞግዚት መቅጠር ነው። ሞግዚት ልጅን በቤቱ፣ በለመደው ምግብና በእናቱ ቋንቋ ታሳድጋለች። ይሁን እንጂ በሩ ከተዘጋ በኋላ በውስጥ የሚሆነውን የሚያይ ሌላ ዓይን የለም።

ብዙ ካሰብን በኋላ ሞግዚት ቀጠርን። በመተማ በኩል አልፋ የመጣች፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላት የጎንደር ልጅ ነበረች። ተረት ታውቃለች፤ ልጃችንም ወደደቻት። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ግን ሕፃንዋን ትኩሳት ያዛት። ልጅቱ ዐረብኛ አታውቅም፤ እኛ የምንውልበትንም ሥፍራ አላሳየናትም ነበር። ሕፃንዋን አዝላ፣ በባዶ እግርዋ በጋለው አሸዋ ላይ እየሮጠች፣ ቡና ወደምትሸጠው ጎረቤታችን ደረሰች። ጎረቤታችንም ወደ ሐኪም ወሰደቻቸው።

ማታ ስንመለስ ባለቤቴ ልጅቱን ተቆጣች። ጎረቤታችን ግን፣ «እኅቴ፣ ምን አጠፋች? እርስዋም እኮ ልጅ ናት፤ እናትዋ አጠገብዋ ብትሆን ትጠብቃት ነበር» አለቻት። ባለቤቴ ዝም አለች። ቆየት ብላም፣ «በዚያች ሰዓት እኔ የእመቤቴን ልጅ አስተኛ ነበር» ብላ አለቀሰች። እኔም ለሰው ልጆች ፊደል እያስተማርሁ፣ በቤቴ ያለችውን ልጅ ማንበብ ትችል እንደሆነ እንኳ አለመጠየቄን አስታውሼ አፈርሁ።

ከዚያ ወዲያ ልጃችን እስከ እኩለ ቀን በሮውዳ፣ ከሰዓት በኋላ ከሞግዚትዋ ጋር እንድትውል አደረግን። ልጅቱ ጧት ጧት ዐረብኛ እንድትማር፣ ማታ ከእኔ ጋር የአማርኛ ፊደል እንድትቆጥር ወሰንን። ሁለት ክፍያ ስለከበደን ከልብሳችንና ከምግባችን ቀነስን። ልጃችን በመጀመሪያው ሳምንት በሮውዳው በር ላይ እያለቀሰች አስቸገረችን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ጧት የተማረችውን የዐረብኛ መዝሙር እየዘመረች ትገባለች፤ ማታ «ተረት ተረት» ስትባል «የላም በረት» ብላ ትመልሳለች። ሞግዚትዋም ለእናትዋ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በገዛ እጅዋ ጻፈች።

ወደ አገራችን ከተመለስን ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት እጅግ ብዙ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። ያ የጀሪፍ ጥያቄ ግን በአዲስ አበባም ጠበቀን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ በድምሩ 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ቀኑ ሲያልቅ ግን እናት ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ልጅ ማሳደግም እንዲሁ ነው። ሞግዚትም ሆነ መዋዕለ ሕፃናት ብንመርጥ፣ ወላጅ ከኃላፊነቱ አይወርድም። ልጃችንን የምትጠብቅልን ሴትም የሰው ልጅ መሆንዋን አንርሳ፤ እርስዋን የሚጠብቅ ከሌለ፣ ልጃችንም በሚገባ አትጠበቅም።