ጥላና መስኮት

ጎረቤቴ ቲማቲሜን ጥላ ይጋርድብኛል ብሎ ከሰሰኝ። ፍርድ ቤት እንኳ አልሄደም፤ ለእኔ ግን ከዚያ አይተናነስም። የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ውስጥ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሠሩት ባለ አንድ ወለል ቤቶች ባንዷ ነው። ልጆቹ ሲያድጉ ጠበበችንና ላይዋ ላይ አንድ ፎቅ እንጨምር አልን። ቁመቱ የሰፈሩን ደንብ በትንሹ ስላለፈ ጉዳዩ እንዲህ ያለውን የሚያይ የከተማው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። የቤቱ ደጃፍ ላይ ማስታወቂያ ይተከላል፣ በ60 ሜትር ዙሪያ ቤት ላለው ሁሉ ይነገራል፣ ከዚያ በስብሰባው ቀን ቅር ያለው ሰው ይናገራል።

እሱም ተናገረ። በየጠዋቱ ሰላም የምንባባለው ሰውዬ፣ ዒድ በመጣ ቁጥር ድፎ ዳቦዬን የሚበላው ሰውዬ፣ ከረባት አስሮ በኮምፒውተሩ ብቅ አለና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የፎቃችን ጥላ የት የት እንደሚደርስ በሥዕል አስረዳ። ስሜን እያወቀው "አመልካቿ" ነበር የሚለኝ። አጥሩ አጠገብ ቆመን ስንት ወሬ ስናወራ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለም! ያን ቀን እራት አልበላሁም።

በዚያው ሰሞን አገር ቤት ያለው ወንድሜ የአባዬን ቤት ፎቅ ላድርገው ብሎ ተነሥቶ ነበር። ቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ካለው ተረተር ላይ ነው። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ ነው፤ በልጅነቴ ሣር ክዳን ነበረ፣ ኋላ እኅቴ ከዓረብ አገር በላከችው ብር ቆርቆሮ ለበሰ። ከአርዲቦ የሚወጣው ውኃ ቁልቁል ወርዶ ሎጎ ሐይቅ ስለሚገባ አባዬ የሐይቅ ከተማን ሰዎች "የኛን ትራፊ ነው የምትጠጡት" እያለ ሲያሾፍባቸው ኖሯል። የፎቁን ነገር ሲሰማም "ከዚህ በላይ ደግሞ ወዴት ልትወጡ ነው?" አለ።

ወደ ላይ የተባለው ወደ ጎን ስለጠፋ ነው። የእርሻው መሬት አይነካም፤ ግቢው ደግሞ ለልጅ ለልጅ ሲከፈል አልቋል። ከሐይቅ እስከ ቢስቲማ፣ በወዲያ በኩል እስከ ውጫሌ፣ የዓረብ አገር ልጆች ያሠሯቸውን ቤቶች ያየ ያውቀዋል፤ ነገ ፎቅ ይሆናል ተብሎ ስንቱ ጣሪያ ላይ ፌሮ እንደቆመ ቀርቷል። ወንድሜ ለፈቃድ የተንከራተተበት ቢሮ የለም። ለዱዓ ወዳጃ ተደረገ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፣ ሽማግሎቹ መረቁ፣ የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ ድንጋይ እናግዛለን አለ። እኔ እዚህ ስለ ጥላ መልስ ስጽፍ እነሱ እዚያ ዱዓ ያደርጋሉ። ለባለቤቴ "አገር ማለት ይኼ ነው" አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

ነገሩን ያስቆመው ግንበኛው ነው። ወንድሜ በቪዲዮ እያሳየኝ ሰውየው ቱንቢውን ከጣሪያው ጠርዝ ለቀቀው፤ ገመዱ ቀጥ ሲል ግድግዳው መሐል ላይ ሆዱን አውጥቶ ታየ። ቀጥሎ ቁራጭ ፌሮ አንሥቶ ከሁለት ድንጋይ መሐል ሰካው። መዶሻ አላስፈለገውም፣ በእጁ እየገፋ ክርኑ ድረስ አስገባው። ሲያወጣው የደረቀው ጭቃ ደቅቆ ጫማው ላይ ተንኮታኮተ። "ይኼ ራሱን የቻለው በአላህ ነው፣ ሶሌታ አልጭንበትም" አለና ዕቃውን ሰበሰበ።

ተናድጄ ሒሳቡን ራሴ ሠራሁት። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ሶሌታ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ገደማ ይከብዳል። ለ40 ካሬ ቤት 150 ኩንታል መሆኑ ነው፤ ብሎኬቱና ሰዉ ገና አልተቆጠረም። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከላይ የሚጫነውን ለጊዜው ቢችል እንኳ፣ ወደ ጎን ሲናጥ ይፈታል። አገራችን ደግሞ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፤ በ2017 የፈንታሌው ሲነሣ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከፎቅ እየወረደ ውጭ ወጥቷል። አባዬ አሮጌ ቤቱን የሚወደውን ያህል ግንበኛውን ባይወደውም፣ ሰውየው ልክ ነበር።

እዚህ የመጣው መሐንዲስ ደግሞ ጉድ አሰማኝ። የጡብ ቤት አለኝ ብዬ ስኮራ ኖሬ፣ ጡቡ ለካ ምንም አይሸከምም፤ ቤቱን ያቆመው ከጀርባው የተደረደረው ቀጭን እንጨት ነው። የሚጨመረውም ወለል እንጨት ስለሆነ ክብደቱ የሶሌታውን አንድ አምስተኛ አይሞላም። መሠረቱ ብርዱ አፈሩን ሲያነሣው እንዳይሰነጠቅ ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ወርዷል። የአባዬን ቤት ያህል የሚወፍር ግድግዳ ሳይኖረው ፎቅ ይችላል፤ የአባዬ ግን አይችልም። የስሌቱን ክፍያ ሳይ ግንበኛው ፌሮውን ይዞ ቢመጣልኝ ብዬ ተመኘሁ። እኛም ዘንድ ከተማ ውስጥ ቢሆን እንዲህ በቡና አያልፍም፤ የሕንፃ አዋጅ አለ። ገጠር ላይ ግን ዳኛው የግንበኛው ዓይን ነው፤ ደግ ዓይን ከገጠመህ።

በመጨረሻ ለአባዬ ቤት ኮለኖች ከአሮጌው ግድግዳ ውጭ የራሳቸው መሠረት ላይ ቆመው ፎቁን ለብቻቸው እንዲሸከሙ ተስማሙ። ገንዘቡ እጥፍ ሆነ፤ እሱን ተዉት። ይኼ አለቀ ስል ወንድሜ እየሳቀ ደወለ። የላይኛው ጎረቤታችን ሁለት ሽማግሌ ልኳል፤ የምታወጡት መስኮት የቤተሰቤን ግቢ ከላይ ያያል፣ ሴቶቹ በምን ነፃነት ይገባሉ ይወጣሉ ብሏል።

"ልክ ነዋ! መስኮቱን ወደ ሐይቁ አዙሩት" አልኩ ወዲያው።

ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሆኖ "የሰውዬው ቲማቲምስ?" አለኝ።

ቲማቲምና የሰው ገመና አንድ አይደለም ብዬ ተከራከርኩት፣ አሁንም እከራከራለሁ። የኛው ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1952ቱ፣ በቁጥር 1225 ጎረቤትህን አታውክ ይላል፤ ሰፈራችን ቁጥሩን ሳያውቅ ይኖርበታል። የኛ ጎረቤት ሽማግሌ ላከ፣ ቡና ተጠጣ፣ መስኮቱ ዞረ፣ ማንም ማንንም "አመልካች" አላለም። ይኼ ከደብዳቤና ከማስታወቂያ ይሻላል።

ይሻላል እላለሁ እንጂ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ከግቢያችን በታች አንዲት ዘመድ የሌላት ሴትዮ አለች። የአዲሱ ጣሪያ ዝናብ የሚወርደው ወደ እሷ ነው። ወንድሜን "እሷስ ምን አለች?" ስለው "እሷ ምን ትላለች?" አለኝ። የሚላክላት ሽማግሌ የላትም። እዚህ ግን ደብዳቤው የሚታወቅ የማይታወቅ ሳይል በ60 ሜትር ውስጥ ላለው ባለቤት ሁሉ ይደርሳል። በእሷ በኩል አሸንዳ ይሠራ ብዬ ተጨማሪ ብር ላክሁ፤ ወንድሜ ተቀየመኝ።

የቶሮንቶው ጉዳያችን ጣሪያው ትንሽ ዝቅ ይበል ተብሎ አለፈ። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ እንዲህ ባለ ነገር ጎረቤት ይግባኝ ማለት አይችልም፤ ስሰማ ደስ አለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ደስታው ቀዘቀዘብኝ። ባለቲማቲሙ ጎረቤቴ በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም አለኝ። እኛ ጋ ቢሆን ይህን ለማስታረቅ ሌላ ሽማግሌ በተቀመጠ፤ እሱ ግን ያለውን ብሎ ጨርሷል። ሰውን ከነገሩ ለይቶ ማየት ይለዋል ባለቤቴ። እኔን አልዋጥልሽ ብሎኛል፤ ድፎውን ግን አላቋረጥሁም።

አሁን ከወንድሜ ጋር የምንጨቃጨቀው በደረጃው ነው። እሱ ከውጭ ይውጣ ይላል፤ ነገ ፎቁ ለእኅታችን ሲሰጥ የራሷ መግቢያ ይኖራታል። እኔ የአባዬን ጉልበት እያሰብሁ ከውስጥ ይሁን እላለሁ፤ እዚህ እንኳ የውስጡ ደረጃ ሳሎናችንን ግማሽ በልቶብናል። አባዬ በበኩሉ ከታች አልነሣም ስላለ ደረጃው ለማን እንደሚሠራ ገና አልወሰንንም፤ ፌሮው ግን ከሐይቅ ተጭኖ መጥቷል።