አጎቴ የሰቀለው ሳጥን

አጎቴ ደሴ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር። ሱቁ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ገና በሩ ላይ ስትደርስ የቀለጠ እርሳስና የጋለ አቧራ ሽታ ይቀበልሃል። ዛሬም የሆነ ቦታ ካውያ ሲግል ከሸተተኝ ልቤ ሳላዘው ወደዚያች ሱቅ ይሄዳል። እናቴ ወንድሟን «ደህናውን ፈትቶ የሚያበላሽ» ትለው ነበር። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ፣ ጎረቤት ይህንኑ ቢደግመው ጉድ ይፈላ ነበር።

ነገሬ ስለ ሳጥኑ ነው። ክረምቱ የ1996 ክረምት ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን እስከ ጣሪያችን ድረስ ያወርዳል፣ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይከርማል፣ ወሬው ሁሉ ግን የአቴንስ ኦሎምፒክ ነው። ኃይሌ ከአትላንታና ከሲድኒ በኋላ ለሦስተኛ ወርቅ ሊሮጥ ነው፤ ጅማቱን ታሟል ይባላል። ከአጠገቡ ደግሞ ቀነኒሳ የሚባል ልጅ ተነሥቷል፤ የአምስት ሺሁንም የአሥር ሺሁንም ክብረ ወሰን በዚያው ሰሞን ከኃይሌ ወስዶበታል። ሽማግሌዎቹ ለኃይሌ፣ እኛ ልጆቹ ለቀነኒሳ እንሟገታለን። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ከእኛ በላይ ቪዲዮ ቤት የነበራቸው እትዬ እንኳ ያላቸው አንድ 21 ኢንች ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ከመጣ ከኋላ ያለው የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ነው።

አጎቴ ታዲያ አንድ ኮሌጅ ያረጁ ዕቃዎቹን በሐራጅ ሲሸጥ፣ መምህራን ጽሑፍ ግድግዳ ላይ የሚያበሩበትን መሣሪያ በርካሽ ገዝቶ ሌንሱን ነቅሎ ነበር። ሌንስ ስልህ ወፍራም መስታወት እንዳይመስልህ፤ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ላዩ እንደ ድሮ የሙዚቃ ሸክላ በቀጫጭን ክብ መስመሮች የተሞላ። ከኮምፔንሳቶ ረጅም ሳጥን ሠራ፤ ውስጡን ጥላሸት በኮላ በጥብጦ አጠቆረው፤ ከአንዱ ጫፍ የእትዬን ቴሌቪዥን፣ ከሌላው ጫፍ ሌንሱን አደረገ። ሌንሱ የላዩን ወደ ታች ገልብጦ ነው ግድግዳ ላይ የሚጥለው፤ ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ተዘቅዝቆ ይቀመጣል። ሲዘቀዘቅ ደግሞ ሙቀት የሚያስወጣው ቀዳዳ ከታች ይቀራል፣ ሙቀት ግን ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ በአዲሱ አናቱ ላይ ሌላ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ በሳለት። ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው አንዲት ነገር አመለጠችው፤ እደርስባታለሁ።

ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ የሰው ሁሉ ጭንቅላት ግድግዳው ላይ ጥላ ይሆናል። ስለዚህ ከላይ መሰቀል አለበት። ሳጥኑ ከነቴሌቪዥኑ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ሥራው የተጀመረው ኮርኒሱን በመቅደድ ነው። ኮርኒስ ስልህ በኖራ የተቀባ አቡጀዲ ነው፤ እንኳን ሳጥን፣ አይጥ ሲሮጥበት ይረግባል። እትዬ «በስመ አብ! ቤቴን ልታፈርሰው ነው?» አሉ። «መልሼ እሰፋልዎታለሁ እትዬ» አለ አጎቴ፣ ምላጩን እየሳበ። የስንት ዓመት ጥቀርሻና የደረቀ ባህር ዛፍ ሽታ አናታችን ላይ ወረደ። ወራጆቹን በባትሪ አየ፣ በቡጢ መታቸው፣ ራሱን ነቀነቀ። ለቆርቆሮ እንጂ ለሌላ ሸክም የቆሙ አይደሉም። ወፍራም የባህር ዛፍ ግንድ አስመጣና በሁለቱ ምሰሶዎች ጫፍ ላይ አጋደመው፤ ሸክሙ ጣሪያውን ሳይነካ በምሰሶዎቹ አድርጎ መሬት ይገባል ማለት ነው። አንድም መጽሐፍ አላማከረም።

ከጉድጓድ ቆፋሪ በተዋሰው ካሩኮላ ገመዱን የሳቡት የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ሸማኔው፣ ሁለት ቀን ሠራተኞች፣ ከቡሬ ግንባር እያነከሰ የተመለሰው ጎረቤታችን። አጎቴ መሰላል ላይ ቆሞ ከሳጥኑ ሥር ገብቷል፤ ቡሎኖቹን አስገብቶ እስኪያጠብቅ ድረስ በራሱና በሳጥኑ ሆድ መካከል ስንዝር ቦታ የለም። «ያዝ! እንዳትለቅ!» ይባላል፤ ገመዱ ሲጢጥ ይላል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። እኔ ዳዶ አቀባይ ነበርኩ፤ እጄ በላብ ተነክሮ ዳዶዎቹ ይሾልኩብኝ ነበር።

ማታ ተሞከረ። ዜና አንባቢው ቀጥ ብሎ ግድግዳው ላይ ሲቆም ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ፊደሎቹ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ሆነው ቁጭ አሉ። «አረብኛ ሆነ እንዴ?» አሉ አንድ ሼህ፤ ሳቁ በረደ ሲባል እንደገና ይነሣል። ቀጥሎ ሯጮቹ ሲታዩ፣ መም ላይ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚታጠፉት ልጆች ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። አጎቴ ላይና ታቹን ሲያሰላ ግራና ቀኙን ረስቶታል።

ይውረድ ቢባል ገመድ ሳቢዎቹ እምቢ አሉ። እዚያው እንደተንጠለጠለ ከፈተው። የቴሌቪዥን ቱቦ ሲሠራ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይይዛል፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ሰውን ከመሰላል የሚወረውር ነገር ያስቀራል። ሽቦ በታሰረበት ካቻቢቴ ነክቶ አራገፈው፤ ጠሽ አለ። ከዚያ ቱቦው አንገት ላይ ካለው ጥምጥም ሽቦ፣ ዮክ ከሚሉት፣ ምስሉን ወደ ጎን የሚስቡትን ሁለት ገመዶች አለዋውጦ በካውያ በየዳቸው። አበሩት። ፊደሉ ተመለሰ።

ነሐሴ 14፣ ዓርብ ማታ፣ ቤቱ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ፍልሰታ ስለነበር የሚሸተው የሽንብራ ቆሎና የረጠበ ጋቢ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ምስሉ ደብዛዛ ነበር፤ መሐሉ ብቻ ይጠራል፣ ጠርዙ ይሟሟል፣ አንድ ሰው ክብሪት ቢጭር ይጠፋል። ለዛሬ ልጅ ብታሳየው ይስቅብሃል። ግን የኛ ነበር፤ ገመዱን ስበን ያወጣነው ነው።

ቀነኒሳና ሌላው ሯጫችን ስለሺ ከፊት ሆነው ዞር ዞር እያሉ ኃይሌን ይፈልጉታል። አንዲት ሴት «ና እንጂ ልጄ! ና እንጂ!» ትላለች። እሱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። የመጨረሻው ዙር ደወል ተደውሎ ቀነኒሳ ሲፈተለክ ሰው ሁሉ መዝለል ጀመረ፤ ምሰሶው ተንቀጠቀጠ፣ ስታዲየሙ ግድግዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። አጎቴ አግዳሚ ላይ ዘሎ ወጥቶ ሳጥኑን በሁለት እጁ ደገፈው። «አትዝለሉ! አትዝለሉ ስላችሁ!» ማን ይስማው? ፊቱ ወደ ሳጥኑ፣ ጀርባው ወደ ግድግዳው ነበር። ቀነኒሳ በ27 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ሲገባ፣ ስለሺ ሲከተል፣ አላየም።

ሦስተኛ የገባው ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ነበር፤ ለአገሩ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው። ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። ያ ከቡሬ የተመለሰው ጎረቤታችን አጨበጨበ፤ ሼሁም ተከተሉት።

«ኃይሌስ?» አለ አጎቴ፣ እጁን ሳያወርድ። ከኃይሌ ሌላ ሯጭ የማያውቅ ሰው ነበርና አምስተኛ መውጣቱን ሊነግረው የደፈረ የለም። በመጨረሻ እናቴ ነገረችው። «ጅማቱ ነው» አለና ዳዶዎቹን አንድ በአንድ መነካካት ጀመረ።

ቅዳሜ ቃሉን አክብሮ ለኮርኒሱ አዲስ አቡጀዲ ገዝቶ መጣ። እትዬ ጨርቁን ዳሰሱትና ንጣቱን ሲያዩ ግድግዳው ላይ በሚስማር ወጥረው ስክሪን አደረጉት። ሰኞ ማታ መሠረት ደፋር አምስት ሺሁን ስታሸንፍ ያየናት እዚያ ላይ ነው። ጾሙ ተፈትቶ ስለነበር ቤቱ በዶሮ ወጥ ታውዷል፤ ኮርኒሱም እንደተቀደደ ነበር፤ እትዬም ስለ መስፋት ዳግመኛ አላነሡም።