ከልጆቻችን ጋር በአሮጌው ለገሀር



የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል በየቤቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሳል፤ «ዘንድሮ የት ነው የምንሄደው?» የሚል። እኛም ቤት ተነሳ። ትልቋ ልጃችን በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተውን የአዲስ አበባውን አንድነት ፓርክ በቴሌቪዥን አይታ ኖሮ፣ ጥቁር ጎፈር አንበሶቹን ሳላይ ትምህርት አይከፈትም አለች። መካከለኛው ደግሞ ከአጎቱ ስልክ ላይ ባየው፣ ዲዝኒላንድ በሚባለው የአሜሪካኖች የመዝናኛ ስፍራ ልቡ ተሰቅሏል። ትንሹ የትም ቢሆን ግድ የለውም፤ ብቻ ባቡር ይኑር።

መምህር ነንና የደመወዛችንን ልክ አንባቢ አያጣውም። አንድ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ የልጆቻችን እናት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። የስድስት ሰው የባቡር ቲኬት፣ የታክሲ፣ የምግብ፣ የመግቢያ፣ እንዲሁም ማደሪያ። አዲስ አበባ ዘመድ አለን፤ ይሁን እንጂ ስድስት ሆኖ ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባም፤ እሱም ተጻፈ። ድምሩን ሁለት ጊዜ አሰመረችበትና ምንም ሳትናገር ወረቀቱን ወደ እኛ ገፋችው። ከገንዘቡም ሌላ እናታችን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያን ሁሉ መንገድ ተቀምጠው መሄድ አይችሉም። እሳቸውን ትቶ መሄድን ደግሞ ማናችንም አላነሳነውም።

ታዲያ በነጋታው ስለዚያ ዲዝኒላንድ ለመካከለኛው ልጃችን ልንነግረው ስናነብ አንድ ነገር አገኘን። ስፍራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲከፈት፣ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ግቢውን የሚዞር በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ነበረው። መሥራቹ ዋልት ዲዝኒ ባቡር ወዳድ ሰው ስለነበር፣ ከዚያ አስቀድሞ በገዛ ቤቱ ጓሮ ሳይቀር ትንሽ ሐዲድ ዘርግቶ ባቡር ይነዳ ነበር። የመናፈሻው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር አይሞላም። የእኛው የድሬዳዋው አሮጌ ሐዲድ ግን ልክ አንድ ሜትር ነው፤ የተዘረጋውም ለጨዋታ አልነበረም።

ይህን ጮክ ብለን ስናነብ የልጆቻችን እናት ከጓዳ ሆና «እንግዲያው የራሳችንን ባቡር መቼ አሳየናቸው?» አለች። እውነቷን ነው። ልጆቻችን በለገሀር በር በየሳምንቱ በባጃጅ ያልፋሉ፤ አንድም ቀን ገብተው አያውቁም።

ለገሀር የሚለው ቃል ራሱ ፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያን ከሚጠሩበት ስም የመጣ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ ሜዳ ላይ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። የታሰበውስ ሐረር ሊገባ ነበር። ነገር ግን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ያንን ዳገት ባቡር ማስወጣት ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ፤ በቀረበትም ቦታ ከተማ በቀለ። በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ይሏት ነበር። ሥራውን የያዘው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ስለከሰረ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት የባቡሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች። ነጋዴውም፣ ግመሉም፣ ቡናውም እዚህ ይገናኝ ነበር። ሠራተኛው ከየአገሩ መጣ፤ ከዝራ በቀጥታ መንገዶቿ በአንድ በኩል፣ መጋላ በገበያዋ በሌላ በኩል፣ በመካከላቸው የደቻቱ አሸዋ። ዛሬ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው የሚያመላልሰው አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ያለ የራሱ ጣቢያ ስላለው፣ መሐል ከተማ ያለው አሮጌው ለገሀር ጸጥ ብሏል።

ስለሆነም የዘንድሮ ጉዞ ወደ ለገሀር እንዲሆን ተወሰነ። ልጆቹ መጀመሪያ አኮረፉ። «ይሄማ ሰፈራችን ነው» አለች ትልቋ። የልጆቻችን እናት ግን ብልህ ናት፤ ጉዳዩን ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው ይዛ አሰናዳችው። ቀኑ ቅዳሜ ተባለ። ቦርሳ ተዘጋጀ፤ ውኃ፣ ቴምር፣ ሌሊት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ለእናታችን ጃንጥላና መቀመጫ ዱካ። ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው ትኬት እንዲሠሩ ወረቀት ተሰጣቸው። ትንሹ የራሱን ሦስት ጊዜ ሠራ።

የኛ ድርሻ አስቀድሞ ሄዶ መጠየቅ ነበር። ይህን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንወዳለን፤ ቤተሰብ ይዞ ከተዘጋ በር ፊት መቆም ቀኑን ያበላሻል። ሐሙስ ዕለት ሄደን ማስገባት እንደሚቻል፣ በስንት ሰዓት እንደሚሻል፣ ፎቶ ማንሳት የተፈቀደው የት እንደሆነ ጠየቅን። በረኛው «የቤተሰብ ጉብኝት ነው?» ብሎ ፈገግ አለ። እናታችን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ስንነግረው ደረጃ የሌለበትን መንገድ አሳየን።

የፎቶውን ነገር እናንሳ፤ እኛ ቤት ፎቶ ቀላል ጉዳይ አይደለምና። አባታችን የባቡሩ ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ። በቶርኖ ማሽን ላይ ሲሠሩ ነው ዕድሜያቸው ያለፈው። ወደ አኺራ የሄዱት እኛ ልጆች ሳለን ሲሆን፣ ከሳቸው የቀረን አንድ የፎቶ አልበም ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ሲወርድ፣ የድሬ ሰው ተኝቶ ነበር። በዚያች ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አላህ ይዘንላቸው። እኛ ነፍሳችን ተርፋለች፤ አልሐምዱሊላህ። የቀለም ትምህርትና የቁርኣን ደብተሮቻችን፣ ምንጣፉ፣ ሳጥኑ፣ አልበሙ ግን ሄደ። ጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት ቀለም ትምህርት ቤት ስንል በየቀኑ በእግራችን የምናቋርጠው ያ ደረቅ አሸዋ ነበር የወሰደው።

ከዚያ ወዲህ እናታችን ፎቶ አይነሱም። ሠርጋችን ላይ እንኳ ካሜራ ሲመጣ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሰው የሃይማኖት ጉዳይ ይመስለዋል፤ አይደለም። አንድ ቀን «የሚጠፋ ነገር ምን ያደርጋል?» ብለውናል፤ ከዚህ ሌላ ተናግረው አያውቁም። ልጆቻችን የአያታቸውን መልክ አያውቁም፤ የሴት አያታቸውን ደግሞ ከእለታት አንድ ቀን ከነሱ በኋላ የሚመጡት ላያውቋቸው ነው። ለዚህ ጉዞ ስንዘጋጅ ይህ ነገር በልባችን ነበረ፤ ለማንም ግን አልተናገርንም።

ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቁርስ ተበልቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ምክንያቱን አይጠይቅም። ከ3 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይመስላል፤ ነጭ ግድግዳ ፊት የቆመ ልጅ ፊቱ ይጠቁራል። ጠዋት ግን ብርሃኑ በጎን ነው፤ ሁሉንም ያሳምራል። ከረፈደም መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰዎቹን ከዛፍ ጥላ ሥር ማስገባት ነው፤ ድሬ ደግሞ ዛፍ አይጠፋም።

የልጆቻችን እናት በመንገድ ላይ ደንቧን ነገረችን፤ እሷ ያለችበት ፎቶ ለቤት ነው፤ ከስልክ ወደ ስልክ አይላክም። ተስማማን። አንባቢም ቢሆን እህቱን ወይም ባለቤቱን ሳይጠይቅ ምስሏን ለሰው ከመላክ ቢቆጠብ መልካም ነው፤ በዚህ ምክንያት ስንት ቤት እንደታመሰ እናውቃለን።

በግቢው ውስጥ ልጆቹ ኩርፊያቸውን ረሱ። ጣሊያን የሠራቸው ሊቶሪና የሚባሉት ባቡሮች፣ መስኮታቸው አቧራ የለበሰ የእንጨት ፉርጎዎች፣ ተራራ ሆኖ የተከመረ የብረት ጎማ፣ ከሐዲዱ መሐል የበቀለ ሣር። ትንሹ የሠራውን ትኬት ለማን እንደሚሰጥ ጨንቆት ሲዞር፣ የሚያስጎበኘን ሰው ገባው መሰለኝ ተቀበለውና ጥጉን ቀደደለት። ልጁ ከዚያ በኋላ መሬት አልረገጠም።

እኛ እንደ ብዙ አባቶች ስልኩን ይዘን «ቁሙ! ሳቁ! ወደዚህ ተመልከቱ!» ስንል ነበር። ወደ ሃያ የሚሆን አነሳን። ስናያቸው ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሦስት ልጆች እንደ ወታደር ተደርድረው። በመጨረሻም ትልቋ ስልኩን ከእጃችን ወሰደችና «አባ፣ አንተ በአንዱም የለህም እኮ» አለች። ከዚያ በኋላ ያነሳችው እሷ ናት። እሷ ደግሞ ማንንም አታቆምም፤ ሲሄዱ፣ ሲወጡ፣ ሳምቡሳ ሲገምጡ ታነሳለች። ወንድሟ የፉርጎውን መወጣጫ በሁለት እጁ ይዞ ሲንጠለጠል ያነሳችው፣ እኛ ካነሳነው ሁሉ ይበልጣል።

እናታችን እስከዚያ ድረስ ዱካቸው ላይ በጥላ ሥር ነበሩ። ወደ ወርክሾፑ ስንደርስ ተነሱ። ማሽኖቹ እንደቆሙ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አለ። እናታችን ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን በመካከል ቀስ ብለው አልፈው አንዱ ቶርኖ ጋ ቆሙ። ያ የአባታችን ይሁን አይሁን አናውቅም፤ እሳቸውም አላሉም። በእጃቸው መዳፍ አቧራውን ጠረጉት። ትንሹ ልጅ «አካኮ እዚህ ነበር?» ሲላቸው «እዚህ ነበር፤ ምሳውን የምልክለት በዚያ በር ነበር» አሉት። እኛ ይህን ሰምተን አናውቅም ነበር። ከዚያ ምሳው ምን እንደነበረ፣ ማን ይዞት እንደሚሄድ፣ ማታ ሲመለሱ ልብሳቸው ዘይት ዘይት ይሸት እንደነበር፣ የሥራ መሣሪያውን ሁሉ በፈረንሳይኛ ስም ይጠሩ እንደነበር ያወሩ ጀመር። ልጆቹ ከበቧቸው። የልጆቻችን እናት በዓይኗ ጠቀሰችን፤ ዝም በሉ ማለቷ ነበር።

ልንወጣ ስንል ከትልቁ የወርክሾፕ በር ፊት እናታችን ቆሙ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ለመካከለኛው ሰጡትና ሻሻቸውን አስተካከሉ። «በሉ አንሱኝ» አሉ።

ማናችንም አልተናገርንም። ትልቋ ልጃችን ስልኩን አነሳች። እናታችን ግን የቆሙት በበሩ መሐል አይደለም፤ ወደ ቀኝ ጠርዝ ጠጋ ብለው ነው። እኛ የተማርን ነንና አላስቻለንም።

«እማ፣ ትንሽ ወደ መሐል ነይ፤ ግማሹ ባዶ ቀረ» አልናቸው።

«ተወኝ ልጄ፤ የኔ ቦታ እዚህ ነው» አሉ።

ተነሱ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ልጆቹን ጠርተው ከጎናቸው አቆሙ፤ በቀኝ በኩል፤ ባዶውን በኩል አይደለም።

ከለገሀር ወጥተን ወደ ቀፊራ ገበያ ሄድን፤ ሐላዋ ተገዛ፤ ዙህር ሳይደርስ ቤታችን ገባን። የዕለቱ ወጪ የባጃጅ፣ የሐላዋና ለአስጎብኚያችን የሰጠነው ብቻ ነበር። የተረፈው ለአንድነት ፓርክ ይቀመጣል ተባለ፤ ኢንሻአላህ።

ማታ ላይ ነው የልጆቻችን እናት እናታችንን የጠየቀቻቸው፤ እኛ አፍረን ነበር። በአልበሙ ውስጥ አንድ ፎቶ ነበረች አሉ፤ በተጋቡ በዓመቱ፣ የዒድ ዕለት፣ አንድ ፎቶ አንሺ ሠራተኛውን ከነቤተሰቡ በዚያ በር ፊት ሲያነሳ የተነሷት። አባታችን በግራ፣ እሳቸው በቀኝ።

ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ የአንዷን ጎርፍ ዳግመኛ ላለማየት ከተነሱት አሥራ ሁለቱን መርጠን በወረቀት ልናሳትም ሰኞ ዕለት ፎቶ ቤት ሄድን። ከእያንዳንዱም ሁለት ሁለት ቅጂ፤ አንዱ እኛ ጋ፣ አንዱ ዳገቱ ላይ ካለችው እህታችን ቤት እንዲቀመጥ። ልጁ በኮምፒዩተሩ ላይ እያየ የእናታችን ፎቶ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«መምህር፣ ይህን በግራ ያለውን ባዶ ልቁረጠው? እማማ መሐል እንዲሆኑ» አለን።

«አትቁረጠው» አልነው።