ከፈላና በር እስከ መድኃኔ ዓለም

ሐረርን በእግር ለማየት ለሚሻ ቤተሰብ ፈላና በር ጥሩ መነሻ ነው። ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት ይህ በር ከጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ከበሩ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ባለ ቀለም ግድግዳዎች መካከል የሚጠማዘዙ ጠባብ መንገዶች ወደ መሐል ከተማ ይወስድዎታል። ግንቡ የከበበው 48 ሄክታር ብቻ ቢሆንም 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ስፍራዎች ይዟል። ዩኔስኮም ከተማዋን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ፈረስ መጋላ ሲደርሱ ግን የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከፊትዎ ይቆማል። ልጆች «እዚህ መሐል እንዴት ተሠራ?» ብለው ቢጠይቁ እውነቱን መንገር ይገባል። የአፄ ምኒልክ ሠራዊት ጨለንቆ ላይ ድል አድርጎ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ያዘ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ስፍራ ላይ ተተከለ። ለአንዱ ወገን የምስጋና፣ ለሌላው የሐዘን ትዝታ ነው።

ታዲያ በትንሣኤ ሌሊት በዚህ ስፍራ ጧፍ አብርቶ «መድኃኒቴ ሕያው ነው» ማለት ምን ትርጉም አለው? ወንጌል ራሱ መልስ ይሰጣል። ጌታ ከመቃብር ሲነሣ ወደ ጲላጦስ አደባባይ ሄዶ ጠላቶቹን አላሳፈረም። አስቀድሞ የተገለጠው ለሚያለቅሱ ሴቶች ነው። ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው በራቸውን ዘግተው ሳሉ በመካከላቸው ቆመ፤ የመጀመሪያ ቃሉም ሰላም ነበር። የቆሰሉ እጆቹንም አልደበቀም፤ አሳያቸው እንጂ።

ሐረርም በር መዝጋትን ታውቃለች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሲመጣ ከተማዋ ለባዕድ ሰው ዝግ ነበረች፤ የጀጎል በሮችም ማታ ማታ ይቆለፉ ነበር። ዛሬ ግን በሮቹ ክፍት ናቸው። በፋሲካ ሌሊት ነጭ የለበሰ ምእመን በመስጊዶች አጠገብ አልፎ ለቅዳሴ ይሄዳል። 55 ቀን የጾመው ሰው ዶሮ ሲጮህ ይፈታል፤ ብዙም ሳይቆይ የንጋቱ አዛን ይሰማል። ሥጋው ለየብቻ ቢታረድም ቡናው ግን ጎረቤትን ሁሉ ይጠራል፤ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውም ክርስቲያን ብቻ አይደለም።

በሕያው ጌታ የሚያምን ሰው እምነቱን ለማስረዳት የሌላውን ትዝታ መሸፈን አያስፈልገውም። ሞትን ያሸነፈ ጌታ ጎረቤትን በማሸነፍ አይከበርምና። ለፋሲካ ሐረር ከሄዱ ቅዳሴውን አስቀድሱ፤ በማግስቱ ደግሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በፈላና በር ግቡ፤ የሐረሪ ቤት ጎብኙ፣ የቤቱንም ታሪክ ከባለቤቱ አፍ ስሙ።